አሥራ አምስተኛው ገጽ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከቤት

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ነሽ? ትከሻሽስ? ጎማውን በእጅሽ መግፋት ከጀመርሽ ወዲህ ቀኝ ትከሻሽ እንደሚያምሽ እናትሽ ነግራኛለች። የነገረችኝም ስለጠየቅኋት እንጂ ልትነግረኝ ፈልጋ አይደለም። ስደውል ሁልጊዜ ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት፤ "ተኝታለች" ትለኛለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኝታለች፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓትም ተኝታለች። ቤት ውስጥ ከሁሉ ቀድማ ትነሳ የነበረች ልጅ በሃያ ስድስት ዓመቷ እንቅልፋም ሆና ቀረች ማለት ነው። አልከራከራትም። ደብዳቤ ግን ተኝታለች አይባልም፤ እስክትነሺ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

ፖስታው የወፈረው ናፍቆቴን አብዝቼበት አይደለም። ውስጡ አሥራ አምስት ገጽ ማመልከቻ አለ። ስለ በሩ ነው። አንቺ የምትፈርሚበት ቦታ አለ፤ እናትሽም የምትፈርምበት አለ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው እንድታነቢልኝ እለምንሻለሁ። አዝዤሽ እንጂ ለምኜሽ አላውቅም። አፌ ባይለምደውም እለምንሻለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ከሆስፒታል የወጣሽበትን ቀን አልረሳሁም። ግንበኛው ቱምቢና ጎረቤታችን አናጺው ዊልቸርሽን ግራና ቀኝ ይዘው ሦስቱን የደጃፍ ደረጃዎች አወጡሽ። በሩ ላይ ስትደርሱ ወንበሩ አላልፍ አለ። አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ኋላ አሉት። አናጺው "እስቲ እጇን ትንሽ ትሰብስብ" ሲል ስለ ቁም ሳጥን የሚያወራ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ቱምቢ አቅፎ አስገባሽ። መንደርተኛው አጥር ላይ ተደርድሮ ከንፈሩን ይመጥ ነበር። ሶፋው ላይ እንዳስቀመጠሽ "ሁለተኛ እንደ ጆንያ ተሸክማችሁኝ በዚህ በር አልገባም" አልሽ። በሦስተኛው ቀን ወደ ከተማ ሄድሽ፤ እናትሽም ልብሷን በሁለት ሻንጣ ከትታ ተከተለችሽ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ የምንተነፍሰው እኔና ፍሪጁ ብቻ ነን።

ስለዚህ በሩን ልለውጥ ተነሳሁ። ታውቂኛለሽ፤ ከመናገሬ በፊት እለካለሁ። የበሩ ስፋት ሰባ አንድ ሴንቲሜትር ነው። ወንበርሽ ስልሳ ስድስት ነው፤ ግን ጎማውን የሚገፉት እጆችሽም ቦታ ይፈልጋሉ፤ ቢያንስ ዘጠና መሆን አለበት። ሦስቱ ደረጃዎች አንድ ላይ ሃምሳ አራት ሴንቲሜትር ከፍታ አላቸው። ሰው ያለ ረዳት ወንበሩን እየገፋ እንዲወጣ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ስድስት ሜትር ከአርባ ስምንት ይሆናል። ከአጥሩ በር እስከ ደጃፉ ስምንት ሜትር ከሠላሳ ነው። የሚተርፈው አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት ደጃፉ ላይ ወንበሩን ለማዞር ይሆናል። ማንም ሳይነካሽ፣ በገዛ እጅሽ፣ በፊት ለፊት በር ትገቢያለሽ። 

የምንኖረው ግን በቅርስነት በተመዘገበ ጥብቅ መንደር ውስጥ ነው። ግድግዳው ጥብቅ፣ የድንጋይ ጣሪያው ጥብቅ፣ አጥሩም ጥብቅ። ከመንገድ የሚታይ ነገር ሁሉ ያለ ፈቃድ አይነካም። ቱምቢ "በዚህ መንደር ለማስነጠስም ማመልከቻና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል" ይላል። እኔን "ሚሊሜትር" ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ እንደሆነ መቼም አትረሺም። አንቺም ከሱ ወርሰሽ በስድስት ዓመትሽ "ሚሊሜትር፣ እራት ቀርቧል" እያልሽ ትጠሪኝ ነበር።

ፈቃዱን የሚሰጠው የቅርስ ጽሕፈት ቤት ከተማ ውስጥ ከባንኩ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቅጹ "ለአካል ጉዳተኞች የሚደረግ ማሻሻያ" የሚል ክፍል አለው፤ ሕንፃው ግን አሳንሰር የለውም። ሃምሳ ሰባት ደረጃ ቆጥሬያለሁ። ይህንንም በጽሑፍ አሳውቄአቸዋለሁ፤ መልስ የለም። ማመልከቻ የምትቀበለው ሴት ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ግራጫ ሹራብ ትከሻዋ ላይ ጣል የምታደርግ፣ ብዕሯን ባለጉዳይ ይዞባት እንዳይሄድ በሲባጎ ከጠረጴዛው ጋር ያሰረች ናት። እኔ ድምፄን ከፍ ሳደርግ እሷ ዝቅ ታደርጋለች፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያበግነኛል።

በሰኔ ወር አሥራ አራት ገጽ አስገባሁ። ንድፉን የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት የመንገድ ቀያሽ ሆኜ የገዛ ቤቴን ንድፍ ለሰው አልሰጥም። እያንዳንዱን ገጽ "1 ከ14"፣ "2 ከ14" እያልኩ በእጄ ቁጥር ሰጠሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ "ያልተሟላ" የሚል ቀይ ማህተም ተመትቶበት ተመለሰ። ምን እንደጎደለው የሚናገር አንድ ቃል የለም። የሰሜን አቅጣጫ ምልክቱ አንሶባቸው ይሆናል ብዬ አተለቅሁትና በነሐሴ መልሼ አስገባሁ። ያው ማህተም። በመስከረም የበሩን መቃን ድንጋዮች አንድ በአንድ፣ አርባ ሁለቱንም፣ ከነስንጥቃቸው ሳልኳቸው። አሁንም ያው ቀይ ማህተም፤ ይባስ ብሎ ተንጋዶ የተመታ።

ሰኞ ዕለት ጨርቄን ማቄን ሳልል ሃምሳ ሰባቱን ደረጃ ወጣሁ።

"እንደምን አደሩ ጋሼ" አለችኝ።

"ደህና አላደርኩም። ምን ጎደለ?"

"ይቀመጡ እስቲ።"

"ቆሜም እሰማለሁ። ምን ጎደለ?"

ፋይሉን ከፈተችና ጣቷን ንድፉ ላይ አሳረፈች። "እኔ የምለው፣ የጓሮው በር አንድ ሜትር ከአሥር ነው ብለው ጽፈዋል። ልጅዎን በዚያ በኩል ቢያስገቧትስ? ከመንገድ ስለማይታይ በሳምንት ውስጥ ይፈቀድልዎታል።"

"ያ በር ለከብት የተሠራ ነው!" አልኩ። ወረፋው ሁሉ ዞረ። "ልጄ በከብት በር አትገባም!"

ከኋላዬ ፋይሉን ብብቱ ሥር የሸጎጠ ሽማግሌ ነበር። "ኧረ ተዋት ወንድሜ" አለኝ፤ "የኔ ላሞች እንኳ በፊት ለፊት ነው የሚገቡት፤ ፈቃድም ጠይቀው አያውቁ።" ሰዉ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። እኔ አልሳቅሁም።

"እሺ፣ በፊት ለፊቱም ይቻላል" አለች። "ግን ተራ ቁጥር ዘጠኝ መሞላት አለበት። ምክንያት የሚለው።"

"ሞልቻለሁ።"

"'በአባሪው እንደተመለከተው' ነው ያሉት። አባሪው የለም።"

ልጄ፣ እዚህ ላይ ያደረግሁትን ብደብቅሽ ደስ ይለኝ ነበር። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። አባሪዬን ጥላችሁታል አልኳት። ሦስት ጊዜ አስገብቼ ሦስት ጊዜ ጣላችሁት፤ የሰው ወረቀት መያዝ የማትችሉ የመንደር ድንጋይ ልትጠብቁ ተቀምጣችኋል፤ ለኃላፊሽ እጽፋለሁ፣ ከኃላፊሽም በላይ እጽፋለሁ አልኳት። "የሰው ልጅ ደጅ ላይ ቀርታለች፤ አንቺ እዚህ በማህተም ትጫወቻለሽ" ያልኩም ይመስለኛል። ሽማግሌው እንኳ መቀለዱን ተወ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ትልቁን የመዝገብ ደብተር ጎትታ ወደ እኔ አዞረችው።

"ይኸው የርስዎ ፊርማ፤ አሥራ አራት ገጽ። ነሐሴ ላይም ይኸው፣ አሥራ አራት። መስከረምም አሥራ አራት። ወረቀቱ ላይም ራስዎ በእጅዎ ከአሥራ አራት ብለዋል። የመጨረሻው ገጽ የጣሪያው ንድፍ ነው። ጋሼ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት እያስለቀሙን እኮ ነው።"

ፊርማዬን አየሁት። የኔ ነው። ሦስቱም የኔ ናቸው።

"ደንቡ እንደ መቃኑ ድንጋይ አይደለም" አለችኝ፤ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ። "ምክንያት ካለው ይነቃነቃል። ምክንያቱን ግን እኔ ልጽፍልዎ አልችልም። ሁለት መስመር ይበቃል። ደግሞ ዘጠኝ 'ሐ' ላይ ያለችውንም አይዝለሏት።"

ዘጠኝ "ሐ" እንዲህ ትላለች፦ ጉዳቱ የደረሰው በዚሁ ቤት ከሆነ፣ እንዴት እንደደረሰ ይገለጽ። ከጥብቅ ጣሪያ የወደቅሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ መዝግበው ይይዛሉ። ማመልከቻው ለአራተኛ ጊዜ ሳይሟላ ከቀረበ ደግሞ ፋይሉ ይዘጋል፤ መልሶ የሚከፈተው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚህ ወር መጨረሻ ጊዜ ሰጠችኝ። ስወጣ "ደረጃው ላይ ቀስ ይበሉ" አለችኝ። ከስድቤ በኋላ ማለት ነው።

ቤት የገባሁት ላሳፍራት ቆርጬ ነበር። ያልገለበጥኩት ወረቀት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፤ የአንደኛ ክፍል ካርድሽ እንኳ ሁለት ቅጂ አለኝ። ሰማያዊውን ፋይል አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። አባሪውንም አገኘሁት።

ሦስት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ላይ "አባሪ፤ ተራ ቁጥር 9፤ ምክንያት፦" ተብሎ በማስመሪያ ተሰምሮበታል፤ የሰኔ ቀን አለው። ከሥሩ ባዶ ነው። የነሐሴው ላይ ከርዕሱ ሥር "መዶሻ" የሚል አንድ ቃል አለ። የመስከረሙ ላይ "ልጄ" ይላል። ሌላ ምንም የለም።

እኔ ዋሽቼ አይደለም ያን ሁሉ የጮህኩት። ጽፌዋለሁ ብዬ አምኜ ነበር። ሦስት ጊዜ ቁጭ ብዬ ሁሉንም በልቤ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ ብዕሩን ከድኜ ተነሳሁ። በልቤ የጻፍኩትንም በወረቀት እንደጻፍኩት ቆጠርኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው። ነገ ወጥቼ ያቺን ሴት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በዚያው ወረፋ ፊት።

እንግዲህ አሁን ያንን ቀን ልጽፈው ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔና አንቺ አንድ ቀን እንኳ አውርተነው አናውቅም። የምሳሳተው ካለ አርሚኝ።

አምና ጥቅምት፣ ለዕረፍት መጥተሽ ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ጣሪያው ላይ የጠገንኩበት ቆርቆሮ ተነስቶ በሠላሳ ቀን ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይመለስበት ይላል። ቱምቢ ለቅዳሜ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ቀነ ገደቡ ገና አሥራ አንድ ቀን ነበረው። እኔ ግን ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ይበላኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት "አንቺ ጉሬዛ፣ እስቲ ውጪልኝ" አልኩሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ያ ጣሪያ ለአንቺ እንደ ሜዳ ነበር። ወጣሽ፣ ቆርቆሮውን ነቀልሽ፣ ድንጋዩን አስቀመጥሽ፣ በመዶሻው ጀርባ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ አስተካከልሽው፣ ወረድሽ። መዶሻውን ሰጠሽኝ። ካፊያ ጀመረ። እናትሽ ከሥራ ደውላ "ጨርሼ ወርጃለሁ፣ አታስቢ" ስትያት ሰምቻለሁ።

እኔ የእንጨት ክምሩ አጠገብ ቆሜ ሽቅብ አየሁና "ወደ ግራ አራት ሴንቲሜትር ወጥቷል" አልኩ።

"ልክ ነው አባዬ።"

"አይደለም።"

"ጣሪያው ረጥቧል። ቅዳሜ ቱምቢ ያየው የለ?"

"ለአራት ሴንቲሜትር ነው ሰው የምትጠብቂው?" አልኩሽ። "ጀምሮ መተው ከማን ነው የተማርሽው?"

ሳቅሽ። እጅሽን ሱሪሽ ላይ ጠረግሽ። "እሺ ሚሊሜትር" አልሽ፤ ወጣሽ። ድንጋዩ ጋ አልደረስሽም።

ሆስፒታል እናትሽ መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። አንገትሽ በድጋፍ ታስሮ ተኝተሽ፣ "ጨርሼ ወርጃለሁ አላልሽኝም ወይ? ለምን ተመልሰሽ ወጣሽ?" አለችሽ። አንቺም "መዶሻ ረስቼ" አልሻት። እኔ አልጋሽ ግርጌ ቆሜ ነበር። ስትናገሪ ያየሽው እሷን ሳይሆን እኔን ነው። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። ዝም አልኩ። በማግስቱ ደግሞ አንድ ቀን ዝም ካልኩ ወዲህ መናገር ከበደኝ፤ ከዚያም ሳምንት ሆነ፤ ይኸው ዓመት አለፈ።

ያ ዝምታ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ። እናትሽ እዚህ በነበረችባቸው ወራት ሳህን እያጠበች በድንገት "ለመዶሻ! ለአንድ መዶሻ!" ትል ነበር። ከአንቺ ጋር ትነጋገር ይመስል "ምን አለ ዝናቡ እስኪያባራ ብትተይው?" ትላለች። እኔ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ይዤ እሰማለሁ። አንድ ቀን መዶሻውን አንስታ አሮጌ ብረት ለሚሰበስበው ሰው በነፃ ሰጠችው። "ዓይኔ እንዳያየው" አለች። ምንም ያላደረገ መዶሻ ከቤት ተባረረ። ጥፋተኛው ግን ጋዜጣውን ገለጠ።

እሷ በአንቺ ትበሳጫለች፤ እያጠበችሽ፣ ወንበርሽን እየገፋች፣ ሆዷ ውስጥ "አንቺው ነሽ ያመጣሽው" የሚል ነገር ይዛ ትኖራለች። አንቺም ያንን ታውቂያለሽ፤ አውቀሽም ተሸክመሽዋል። ለምን እንዳደረግሽውም አውቃለሁ። እሷ እኔን እንዳትጠላኝ ብለሽ ነው። ቤት እንዳይፈርስ ብለሽ ነው። ቤቱ ግን ሳይፈርስ ባዶ ሆኗል፤ ግድግዳውም ጣሪያውም በደንቡ መሠረት ቆሟል።

በነሐሴው ወረቀት ላይ "መዶሻ" ብዬ የጀመርኩት ያንቺን ውሸት ልጽፈው ነበር። ቀላል ነበር፤ ሁለት መስመር፣ ልክ ሴትዮዋ እንዳለችው። "መዶሻ ረስታ ተመልሳ ስትወጣ" ብል ፈቃዱ እስካሁን ወጥቶ፣ ቱምቢ መቃኑን ነቅሎ፣ አንቺ በራስሽ እጅ ገብተሽ ነበር። ቤት መግቢያሽን በውሸትሽ ልገነባልሽ ነበር ማለት ነው። እጄ እምቢ አለ። ይህን እንደ ጀግንነት አትቁጠሪልኝ፤ እውነቱንም መጻፍ እምቢ ብሏል።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን።

በሰኔ የፊት ገጽታውን ስነድፍ ጣሪያውን መለካት ነበረብኝ። ቱምቢ መሰላሉን ያዘልኝና ወጣሁ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሲባጎ ወጠርኩ። የድንጋዮቹ ጠርዝ አንድ በአንድ ከሲባጎው ጋር ይገጥማል። ያንቺ ድንጋይም ይገጥማል። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት፤ ልዩነቱ ሁለት ሚሊሜትር ነው። እንደገና ለካሁ። ሁለት ሚሊሜትር። ድንጋዩ ልክ ነበር። አንቺ "ልክ ነው አባዬ" ስትዪ ልክ ነበርሽ። ያጣመመው የቆምኩበት ቦታ ነው። የእንጨት ክምሩ ከጣሪያው መሐል በስተቀኝ ነው ያለው፤ ከዚያ ሽቅብ ያየ ሰው ቀጥ ያለውንም የተንጋደደ ያደርገዋል። ከጎን ቆሞ ማንበብ ልክ እንደማይሰጥ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ነው የተማርኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሥሬ ያሉትን ቀያሾች የተቆጣሁበት ስህተት ነው። አንዱን እንኳ በዚሁ ከሥራ አስወጥቼዋለሁ።

ጣሪያው ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ቱምቢ ከታች "ሚሊሜትር፣ ጎጆ ልትቀልስ ነው እንዴ እዚያ?" ብሎ ጮኸ። ስወርድ ፊቴን አየ፤ ሲባጎውን አየ፤ ሽቅብ ድንጋዩን አየ። እሱ ግንበኛ ነው፤ የሚነገረው አያስፈልገውም። አንድም ቀልድ ሳይናገር መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ነው የሚጠራኝ።

ይህ ልኬት በገጽ አሥራ አራት ላይ አለ። ከሰኔ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አስገብቼዋለሁ። ጽሕፈት ቤቱ አይቶታል፤ ያልተረዳው ምን እንደሆነ ስላልነገርኩት ነው።

ዛሬ ጠዋት ገጽ አሥራ አምስትን ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ናት። እዚህ የነገርኩሽን ሁሉ ትላለች፤ ያለ ጋዜጣው፣ ያለ መዶሻው ስደት። መዶሻው እጄ ላይ እንደነበር ትላለች። ልጄ እርጥብ ነው ስትለኝ አልሰማሁም ትላለች። ድንጋዩ ልክ እንደነበር ትላለች። ሁሉንም ገጾች እንደ አዲስ ቁጥር ሰጥቻለሁ፤ "ከ15" ይላሉ።

አሁን ስለ ፊርማው፤ የሚጠየቀው ምክንያቱ ከተሞላ በኋላ ስለሆነ እስካሁን አላስቸገርኳችሁም። አንቺ የምትፈርሚው ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ነው፤ "በቤቱ ልኖር የምፈልግ" የሚለው መስመር ላይ። ካልፈለግሽ ባዶውን ተዪው። በሩ ስለሰፋ ብቻ ትገቢያለሽ የሚል ሂሳብ የለኝም፤ ያ ሂሳብ በሜትር እንደማይሠራ ገብቶኛል። ቤቱ በሁለታችን ስም ስለሆነ እናትሽ ግን እያንዳንዱ ገጽ ላይ መፈረም አለባት፤ አሥራ አምስተኛው ላይም። ሳታነብ የምትፈርም ሴት አይደለችም። ወረቀቱን መላኩን ያቀለለልኝም ያከበደብኝም ይኸው ነው። አንብባ ካልፈረመች ፋይሉ ይዘጋል፤ በሩም ሰባ አንድ ሴንቲሜትር ሆኖ ይቀራል፤ እኔም ከውስጡ። አልከራከራትም። ስልክም ደውዬ አላስረዳም። ለመጀመሪያ ጊዜ የማስረዳው ነገር የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ወረቀቱን ስትሰጫት ስለ እኔ አንዲት ቃል አትጨምሪ። "አባዬ እኮ እንዲህ አስቦ ነው" አትበያት። ሌላ መዶሻ አትፈልጊልኝ። በቃሽ፤ ብዙ ተሸክመሻል፤ ይህንን እኔ ልሸከመው።

ትከሻሽን በሞቀ ፎጣ ያዢው። የወንበሩ ጎማ አየር ሲያንሰው ነው ትከሻ የሚጎዳው፤ በሳምንት አንዴ አስነፊው። ለእናትሽ የክረምቱ ብርድ ልብስ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ መቅረቱን ንገሪያት፤ በመጀመሪያው መኪና እልከዋለሁ።

ፈጣሪ እጆችሽን ያበርታ። የምትገፊው ሁሉ ይቅለልልሽ። ልጅን የሚያሳርፍ እንጂ ጣሪያ ላይ የሚያስወጣ አባት አይስጥ ብዬ ስመርቅ ዘግይቻለሁ፤ ቢሆንም መርቄሻለሁ።

አባትሽ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ቱምቢ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ ጣሪያውን አይቶልኛል። ያንቺ ድንጋይ እንዳስቀመጥሽው አለ፤ ማንም አልነካውም። ክረምቱን ሙሉ አንዲት ጠብታ አላስገባም።